ወደቡ በተቆፈረበት በጋ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017፣ አሰላ

ማሽኑ ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ከአለቃዬ ከአቶ ካሣዬ ጋር ጠዋት ከአሰላ ተነስተን ረፋዱ ላይ መልካ ሮቢ ደረስን። የዝዋይ ሐይቅ በአርሲ በኩል ያለው ዳርቻ እንዲህ ሰው ሞልቶት አይቼ አላውቅም። ድንኳን ተተክሏል፤ ሽማግሌዎች መረቁ፤ ሪባን ተቆረጠ። ግንባታው ሲያልቅ የቆላው ሽንኩርትና ቲማቲም በትልልቅ ጀልባ ተጭኖ ማዶ አስፋልቱ ዳር ይራገፋል። ወረቀት ላይ ስሙ «የጀልባ ማራገፊያ» ነው። ሰው ግን «ወደቡ» ይለዋል፤ እኛም ለምደነዋል።

ቁፋሮው የሚጀምረው ከሣሩ ነው። ዳርቻውን ተከትሎ ውሃው ውስጥ የበቀለ ሣርና ፊላ ነው፤ በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አምና የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱን ስሠራ ሁሴኖ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሦስት ሳምንት በታንኳው አዙሮኛል። ጉማሬ የሚወልድበትን፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባበትን፣ የውሃ ኤሊ እንቁላሏን የምትቀብርበትን አሸዋ አንድ በአንድ አሳይቶኛል። ምሳውን አካፍሎኛል። ዛሬ ከሰዉ መሃል ወጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አሰግድ፣ ሣሩን አትንኩ ብለህ ጽፈሃል አይደል?»

«ጽፌያለሁ።»

ውሸት አይደለም። ጽፌ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 19

ለቁጥጥር ወረድኩ። ኤስካቫተሩን ተንሳፋፊ ብረት ላይ አቁመውታል። አካፋው ሣሩን ከነሥሩ እየነቀለ ዳር ይደፋዋል። ክምሩ ውስጥ ዓሣ ይንፈራገጣል። ኤሊዎችም አሉ፤ ድንጋይ መሰል ልባሳቸው ለሁለት የተሰነጠቀ። አንዷ ጀርባዋ ተገንጥሎ ወልቋል፤ እግሮቿ ግን ውሃ ውስጥ ያለች ይመስል ይቀዝፋሉ። አሥራ አራት ቆጥሬ ተውኩት።

ከምሳ በፊት አካፋው ሲነሳ ቀይ ውሃ አፈሰሰ። ጥርሶቹ መሃል የጉማሬ ግልገል ነበር። ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። የኋላ እግሮቹ የሉም። ይጮሃል። ኦፕሬተሩ ደንግጦ ሲለቀው ብረቱ ላይ ወደቀ። ሠራተኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹት። እናቱ ከሥር መጥታ ብረቱን በጭንቅላቷ ደጋግማ መታችው፤ ከዚያ አጠገቡ የነበረችውን ትንሽ ጀልባ ገለበጠች። አንድ ሠራተኛ የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ጥበቃው አምስት ጥይት ተኮሰባት። ሰመጠች። ሞታ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

ቅጹ ላይ «በዱር እንስሳት ላይ የደረሰ ጉዳት» ከሚለው ፊት «አነስተኛ» ብዬ ሞላሁ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ከአንድ ቃል በላይ አይዝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሥራ በዝቷል። ሁሴኖ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሁለቱን አላነሳሁም። በሦስተኛው፦ ጉማሬዎቹ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ እየገቡ ነው። «ሣራቸው አለቀ፤ የት ይሂዱ?» ለአቶ ካሣዬ ነገርኩት። «ድርቁ ነው» አለ። ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ እውነትም ደረቅ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ባለቤቴ ሰሎሜ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ነጩ ጫማ ጎኑ ቡናማ ሆኗል።

«ከቆላ አንድ ሰው አመጡ» አለች። «ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ ውሃ ሲያጠጣ ጉማሬ ያዘው። ከዚህ እስከዚህ።» ከጡቷ ሥር እስከ ጭኗ በጣቷ አሳየችኝ። «አንጀቱን በፎጣ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ሐኪሙ እስኪዘጋጅ በእጄ ይዤዋለሁ፤ ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ይሰማኛል። እሱ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ ልብስሽን አበላሸሁብሽ እያለ።»

«ከየት ነው?»

«መልካ ሮቢ። ከዲሮ ይባላል። አንተ የምትመላለስበት አይደለም እንዴ?»

ከዲሮ የሁሴኖ ታናሽ ወንድም ነው። ባለፈው መስከረም ነው ያገባው።

«ነው» አልኩ። እራት ቀረበ። የቀረበልኝን ጨረስኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከዲሮ ጠዋት ሞተ። ዓይኑን የከደነችው ሰሎሜ ናት።

ሁሴኖን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘሁት። «ሚስትህ እንደ እህት ነው የያዘችው» ብሎ አቀፈኝ። «በቤታችሁ ሰው እጅ ላይ ሞተ። እግዜር ይስጣችሁ።» ምስጋናው ለኔ ነበር። ጃኬቴ ላይ አለቀሰ። ሰው ወንድሙን ባጣበት ሰዓት ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ቀብሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። ለለቅሶ ዛሬ ስወርድ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ብቻ ናቸው። የከዲሮ ሚስት ሳምራ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቅኩት ዛሬ ነው። «ወንዶቹስ?» ስል በአገጯ ወደ ሐይቁ አመለከተችኝ።

ማሽኑ በቆለለው ጭቃ ውስጥ አንዲት ጉማሬ ተቀርቅራለች። እስከ ሆዷ ሰምጣለች፤ ወደ ውሃው መመለስም ወደ ዳር መውጣትም አልቻለችም። አርባ ያህል ሰው ከቧታል። ጦር፣ መጥረቢያ፣ የሣር መንሽ። ከዲሮን የያዘችው እሷ ትሁን አትሁን የጠየቀ የለም። መጀመሪያ የወጋት ሁሴኖ ነው።

ቶሎ አልሞተችም። ቆዳዋ ወፍራም ነው፤ ጦሩ እየታጠፈ ይመለሳል። መጥረቢያ የያዙት ጀርባዋ ላይ ወጡ። አንዱ ዓይኗን መታ። አፏን ስትከፍት ግንድ ወረወሩባት፤ ሰባበረችው። ጩኸቷ ከማዶ ይመለስ ነበር። ፀሐይ ከአናት ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ቀጠለ። ሁሉም ሰው፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ተራ ደረሰው። ለኔም አንዱ መንሹን ዘረጋልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሳቀብኝ።

ሆዷን ሲቀዱት የሽንኩርት ቅጠልና ጭቃ ብቻ ወጣ። ትከሻዋ ላይ የቆየ የጥይት ቁስል ነበር።

ሁሴኖ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ አጠገቤ ተቀመጠ። «አውቃታለሁ» አለ። «የግራ ጆሮዋ ጎራዳ ነው። አምና ሳሳይህ አርግዛ ነበር።» እጁን ሣሩ ላይ ሊጠርግ ፈለገ። ሣር የለም። በሱሪው ጠረገው።

ለሰሎሜ «ለቅሶ ደረስኩ» ብቻ ነው ያልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

የአደጋው ምክንያት ድርቅ እንደሆነ የሚያስረዳ ሪፖርት አቶ ካሣዬ ጠየቀኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ሪፖርት ነው፤ የዝናቡ ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላስፍር። የአምናው ጥናት ሠላሳ አንደኛ ገጽ ነበረው። ሣሩ ከተነሣ ጉማሬዎቹ ወደ ማሳ ይዞራሉ፤ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት መቶ ሜትር ስፋት ያለው ሣር ሳይነካ ይቆይ የሚል። ለሚቆፍረው ድርጅት በተሰጠው ቅጂ ላይ ያ ገጽ የለም። እንዳወጣው ያደረገኝ አቶ ካሣዬ ነው። አለቃ ነው፤ ምን ላደርግ እችል ነበር? ምናልባት አንድ ቀን ማስረጃ ይሆነኝ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መቱኝ። ግራ ዓይኔ አያይም። መጻፍ አልችልም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ስምንት ስፌት ግንባሬ ላይ፣ ሦስት ከንፈሬ ላይ። ጽሑፌ ወልገድገድ ይላል።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ካሣዬ «ሄደህ አረጋጋቸው፤ አንተን ይወዱሃል» ብሎ ላከኝ። ሥራ አቁሙ ሊሉ በመጡ ሰዎች ላይ ጥበቃዎቹ ተኩሰው አንድ ሽማግሌን ጭናቸው ላይ መምታታቸውን አልነገረኝም። እሱም አያውቅ ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ገና ሲቆም ከበቡን። ሾፌሩ ሮጠ። እኔን በአንገቴ ጎትተው አወረዱኝ።

«ፈራሚው ይሄ ነው!» አለ አንዱ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሬን አገኘኝ። ሁለተኛው አፌን። ስወድቅ በእግር መጡብኝ። ሆዴን፣ ጀርባዬን፣ ጣቶቼን። ለቅሶ የደረስኳቸው ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ሚስማር የተመታበት አጣና የያዘ ሰው በሰዉ መሃል ሲመጣ አየሁ። መጸለይ ፈልጌ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም።

ከዚያ ከባድ ነገር እላዬ ላይ ወደቀ። ሁሴኖ ነው። ሙሉ አካሉን አጋደመብኝ፤ አፉ ጆሮዬ ላይ ሆኖ በኦሮምኛ ይጮሃል። በረመዳን ጾም አፉ ደርቆ ድምፁ ይሰነጠቃል። «እሱ ጽፎልናል! ሣሩን አትንኩ ብሎ የጻፈ እሱ ነው! ያጠፉት ሌሎች ናቸው!» አጣናው ሲወርድ ክንዱን አነሳ። አጥንቱ ከጭንቅላቴ በላይ ሲሰበር ሰማሁት። ከላዬ አልተነሳም። በብብቱ ሥር አሻግሬ ማሽኑ ሲቃጠል አየሁ፤ ጎማውና ናፍጣው ጥቁር ጭስ ሆኖ። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ እላዬ ላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ነበረኝ። ጆሮው እዚሁ አፌ አጠገብ ነው። ሰው እንዳይሰማኝ ትንፋሼን ሳይቀር ያዝኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁሴኖን ከሆስፒታሉ አልጋ አንስተው አሰሩት። ማሽኑን ያቃጠለው እሱ ነው ተብሏል።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ሰሎሜ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ስፌቱን እያጸዳችልኝ ነበር።

«ለምን ሸፈነህ?»

«ደግ ሰው ነው።»

«ደግ ሰው ድንጋዩን አቁሙ ይላል። እንዲህ የሚጋደመው ለወንድሙ ነው። ምን አርገህለት ነው?»

ስለ ገጹ ነገርኳት። ሁሉንም ሰማች። ጥጥ የያዘው እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ካሣዬ ነው ያስወጣህ?»

«አዎ።»

«ከዲሮ እጄ ላይ ሲሞት አንተ ይህን ታውቅ ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ጽዳቱን ጨርሳ ጥጡን ጣለችው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከቤት ጉዳይ ውጪ አላነጋገረችኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሁለት እንግዳ መጣ።

ጠዋት ሳምራ። ከመልካ ሮቢ ድረስ ሆዷ እየከበዳት። አልቀመጥ አለች። «ሁሴኖ ነው የላከኝ» አለች፤ አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ማሽን ሲቃጠል እኔ አሰግድ ላይ ተኝቼ ነበር፣ አሰግድ ይመስክር ይላል። ሌላ ሰው ሁሉ ሸሽቷል። አንተ ብቻ ነህ። ትመጣለህ ኣ?»

«እመጣለሁ።»

«ወላሂ በል።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አንምልም። ማልኩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ካሣዬ ብርቱካን ይዞ መጣ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ሲነሳ በር ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ጭንቅላትህን ተመተሃል። የማስታውሰው የለም ብትል ማንም አይፈርድብህም። እዚያ ከቆምክ ግን ዐቃቤ ሕጉ ለምን ሸፈነህ ብሎ ይጠይቅሃል። ለሁላችንም አስብ።»

የማላስታውሰው ነገር እውነትም አለ። ለምሳሌ ሾፌሩ በየት በኩል እንደሮጠ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ችሎቱ ነገ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ መልሼ አነበብኩት። የካቲት 20 ላይ የጻፍኩት ልክ አይደለም። አቶ ካሣዬ ገጹን አውጣ አላለኝም። አምና ሰኔ ላይ ረቂቁን ሲያገላብጥ «ይሄ ነገር ሥራውን ያዘገይብን ይሆን?» አለ፤ እያዛጋ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ቢሮዬ ገብቼ ገጹን አጠፋሁ። ቀጣዮቹን ገጾች ቁጥር አስተካከልኩ። ማውጫውንም አስተካከልኩ። አላስፈራራኝም፤ ምንም ቃል አልገባልኝም። እንዲደሰትብኝ ብቻ ነው። «ቶሎ ጨረስከው፤ ጎበዝ» አለኝ፤ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ለሰሎሜ ደብተሩን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። «ነገ ይህንኑ በል» ብላ መለሰችልኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

እንደሆነው ልጻፍ።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ ለኔ አስተርጓሚ ቆመልኝ። ሁሴኖ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ገባና በዓይኑ ሰላም አለኝ። ፊቱ በራ። ሳምራና ከመንደሩ የመጡ ስድስት ሰባት ሰዎች ከኋላ ተቀምጠዋል።

ማሽኑ ሲቃጠል ሁሴኖ እላዬ ላይ እንደነበረ፣ ክንዱ በኔ ምክንያት እንደተሰበረ፣ ፖሊስ ከላዬ ላይ እንዳነሳው ተናገርኩ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«መንደሩ ሁሉ ሲመታህ እሱ ብቻ ለምን ሸፈነህ?»

«ሣሩ እንዳይነካ የጻፍኩላቸው መስሎት ነው።»

«መስሎት? አልጻፍክም?»

«ጽፌ ነበር። ከዚያ ገጹ ከጥናቱ ወጣ።»

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

አስተርጓሚው ጎልማሳ ሰው ነው፤ አዘነልኝ መሰለኝ። «ገጹ እንዲወጣ ተደርጓል» ብሎ ተረጎመው። ኦሮምኛዬ ደካማ ነው፤ ይህን ለመስማት ግን በቂ ነው። ሁሴኖ አሁንም ራሱን እየነቀነቀ ያበረታታኝ ነበር። ስለዚህ ወደ እሱ ዞሬ በራሴ አፍ አልኩት፦

«አነቱ ባሴ።» እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ዳኛው ወደ እሳቸው እንድዞር አዘዙኝ። መዞር አቃተኝ። ሁሴኖ አልተቆጣም፤ አልጮኸም። ጄሶውን ቁልቁል ተመለከተ፤ ከዚያ በደህናው እጁ ቀስ ብሎ ደባበሰው፤ የሰው ዕቃ ይመስል። እስከ መጨረሻው ቀና ብሎ አላየኝም።

ግቢው ውስጥ ሳምራ ደረሰችብኝ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ይዛ ነበር። አልወረወረችውም፤ ይዛ መታችኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ እንዳልከላከል። «ሆዱን ዘርግፈህ ለቅሶ መጣህ!» ትላለች፤ በኦሮምኛ፣ ደግሞ በአማርኛ ሳይገባኝ እንዳይቀር። ሦስተኛውን ፖሊስ ያዘባት። «ትከሳታለህ?» ሲለኝ «ደረጃው ላይ ወድቄ ነው» አልኩ። ደረጃ የለም፤ ግቢው ሜዳ ነው። ፖሊሱ አይቶኝ ሄደ።

ከንፈሬን እንደገና የሰፋችው ሰሎሜ ናት። ማደንዘዣ ስትፈልግ ተዪው አልኳት። «የሥራ ደንብ ነው» አለችና ወጋችኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ሁሴኖ ማሽኑን ከማቃጠል ክስ ነፃ ወጣ። ከተለቀቀ አሥር ቀኑ ነው። እኔ ከሥራ ታግጃለሁ። አቶ ካሣዬ የምስክርነት ቃሌን ቅጂ አስመጥቶ አንብቦታል አሉ። ቁፋሮው ሌላ ጥናት እስኪሠራ ቆሟል፤ የተቃጠለው ማሽን ውሃው ውስጥ እንደቆመ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉማሬ ሌላ ገበሬ ይዛ እግሩን ቆርጣለች። እሱም ሰሎሜ ክፍል ተኝቷል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሰሎሜ ደወለች። «ሁሴኖ ጄሶውን ሊያስፈታ እዚህ መጥቷል። ከፈለግህ ና። ባትፈልግም አልፈርድብህም።»

ሮጥኩ። ስደርስ ጄሶው ተፈቷል። ክንዱ ቀጥኗል፤ ከክርኑ በታች ተጣሟል። ሐኪሙ መቅዘፊያ መያዝ እንደማይችል ነግሮታል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከመጀመሬ በፊት እሱ ተናገረ፤ እንደ ሐኪም ምክር፣ ያለ ቁጣ።

«ወደ ሐይቁ አይምጡ» አለኝ። «ሰዉ ገና አልበረደለትም። ቢመጡ እኔ አልሸፍንዎትም።»

ሁሴኖ አንድም ቀን «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«እሺ» አልኩ።

እጅጌውን አውርዶ በግራ እጁ ሊቆልፍ ሞከረ። ቁልፏ አመለጠችው። እንደገና ሞከረ። እጄን ዘረጋሁ። ግድግዳው እስኪያግደው ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ሰሎሜ በመሃላችን አልፋ እጅጌውን ያዘችና ቆለፈችለት።

«ገለቶሚ፣ እህቴ» ብሎ አመሰገናትና አጠገቤ አልፎ ወጣ። ሰሎሜ ጓንቷን ቀይራ እግሩ ወደተቆረጠው ሰው አልጋ ሄደች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።